ስስ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ሲያቆም መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው

ክቡር አዘጋጅ፤

በሳይንስ ዓምዶች ላይ አንድ ዓይነት ዜና ደጋግሞ ይወጣል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ አንድ ኦክሳይድ ጥቂት የአተም ንጣፍ እስኪቀረው ድረስ ሲቀጥን ማስተላለፉን አቆመ ይባላል። ዜናው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። የሚጎድለው ግን ዋናው ጉዳይ ነው፤ ያቆመው በምን ምክንያት ነው? ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ በመገፋፋታቸው በየቦታቸው ታስረው ነው? ወይስ ፊልሙ (የቀጠነው ኦክሳይድ) ተቆራርጦ፣ አየር ነክቶት፣ ኦክስጅን በዝቶበት ወይም ጎድሎበት ነው? በኦም መለኪያ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ በቃ። የመጀመሪያው ግን የተፈጥሮን ሕግ የሚያሳይ ውጤት ሲሆን ሁለተኛው የአሠራር ጉድለት ነው። ሁለቱን ሳይለይ የሚጻፍ ዜና ፊዚክስ የሚማሩ አንባቢዎችን ያሳስታል። መለያ መንገዱ የታወቀና በዝርዝር ሊነገር የሚችል ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ልከናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለምሳሌነት የምንወስደው ስትሮንሺየም ቫናዴትን ነው። ከዚህ የተሻለ ንጹሕ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ክሪስታሉ ያልተጣመመ ኩብ ነው፤ ጎኑ 0.384 ናኖሜትር። ማዕዘኖቹ ላይ ስትሮንሺየም፣ መሀሉ ላይ ቫናዲየም፣ በስድስቱ ገጾች መሀል ደግሞ ኦክስጅን ይቀመጣል። ቫናዲየሙ ከአምስቱ የውጭ ኤሌክትሮኖቹ አራቱን ለኦክስጅን ይሰጥና አንድ ብቻ ይቀረዋል። በወፍራሙ ክሪስታል ውስጥ ይህ ብቸኛ ኤሌክትሮን ከቫናዲየም ወደ ቫናዲየም ይዘላል፤ ስለዚህ ኦክሳይዱ ጥሩ አስተላላፊ ነው። ማግኔታዊ ሥርዓት የለውም፣ ሲቀዘቅዝም ቅርጹን አይለውጥም። ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ ለምሳሌ 68 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከኢ-አስተላላፊነት ወደ አስተላላፊነት ሲሻገር የክሪስታሉ ቅርጽም አብሮ ስለሚለወጥ ለውጡ የኤሌክትሮኖቹ ነው ወይስ የአተሞቹ የሚለው ክርክር ለረጅም ዘመን ቆይቷል። በስትሮንሺየም ቫናዴት ይህ ውስብስብ የለም።

ኤሌክትሮን በመገፋፋት ብቻ ሊቆም ይችላል የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። ደ ቦር እና ፌርዌይ በ1937 ኒኬል ኦክሳይድን የመሳሰሉ ቁሶች በጊዜው በነበረው የባንድ (ኤሌክትሮኖች በክሪስታል ውስጥ ሊይዙት የሚችሉት የጉልበት ክልል) ስሌት መሠረት ማስተላለፍ ሲገባቸው እንደማያስተላልፉ አመለከቱ። ኔቪል ሞት በ1949 ምክንያቱን በኤሌክትሮኖች መገፋፋት አስረዳ፤ ጆን ሀባርድ በ1963 ሐሳቡን በሁለት ቁጥሮች ብቻ የሚገለጽ ሞዴል አደረገው። አንዱ ቁጥር ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ አተም ላይ ሲገናኙ የሚከፈለው የጉልበት ዋጋ ነው፤ ለስትሮንሺየም ቫናዴት በስሌት ውስጥ ከ4 እስከ 5 ኤሌክትሮን ቮልት ይያዛል። ሌላው ኤሌክትሮኑ በነፃነት በመዝለሉ የሚያገኘው የባንድ ስፋት ነው፤ 2.5 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ። ዋጋው ከስፋቱ በልጦ ሳለ ኦክሳይዱ ለምን ያስተላልፋል? አንዱ ኤሌክትሮን እኩል ጉልበት ባላቸው ሦስት ኦርቢታሎች (ኤሌክትሮኑ በአተሙ ዙሪያ ሊይዛቸው በሚችላቸው ቅርጾች) ላይ ተከፋፍሎ ስለሚኖር ነው። ብዙ መውጫ ያለውን ኤሌክትሮን ማሰር ከባድ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ፊልሙ ሲቀጥን መጀመሪያ የሚፈርሰው የሦስቱ ኦርቢታሎች እኩልነት ነውና።

አሁን ወደ ኳንተም ጉድጓዱ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች በቀጭን ቦታ ውስጥ ወደሚታጠሩበት ሁኔታ፣ እንግባ። ጥቂት ንጣፍ ስትሮንሺየም ቫናዴት በስትሮንሺየም ታይታኔት ክሪስታል ላይ ሲበቅል ኤሌክትሮኖቹ ከላይ በቫኪዩም፣ ከታች ደግሞ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት የጉልበት ክፍተት ባለው ታይታኔት ይታጠራሉ። በአግድም እንደልባቸው ይሄዳሉ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ሁለት ጫፉ እንደታሰረ የክራር ክር የተወሰኑ ሞገዶች ብቻ ይፈቀዱላቸዋል። ሕጉ አጭር ነው። ሞገዱ ከላይ እስከ ታች ደርሶ ሲመለስ የሚያጠራቅመው ፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ የደረሰበት ነጥብ)፣ በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ሲንጸባረቅ ከሚጨመርበት ፌዝ ጋር ተደምሮ የሙሉ ዑደት ብዜት መሆን አለበት። በዚህ ምክንያት አንድ ሰፊ ባንድ ወደ ተለያዩ ንዑስ ባንዶች ይሰነጠቃል።

ጉድጓዱ ይህን ያህል መቅጠን ያለበት ኤሌክትሮኖቹ በጣም ስለሚጠጋጉ ነው። እንደ ጋሊየም አርሴናይድ ባሉ ከፊል አስተላላፊዎች ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ የተራራቁ፣ ሞገዳቸውም ረጅም ስለሆነ 10 ናኖሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ይበቃል። በስትሮንሺየም ቫናዴት ግን እያንዳንዱ ንጣፍ በካሬ ሴንቲሜትር 660 ትሪሊዮን ገደማ ኤሌክትሮን ይይዛል፤ ሞገዳቸው ከጥቂት አተሞች ርቀት አይበልጥም። ስለዚህ የጉድጓዱ ውፍረት በንጣፍ ቁጥር ይለካል፤ 10፣ 6፣ 3፣ 2 እየተባለ። የአንድ ንጣፍ ስህተት የተለየ ቁስ እንደ መለካት ነው።

የኦርቢታሎቹ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ሦስቱን በተኙበት ጠለል እንጠራቸዋለን፤ ኤክስ-ዋይ፣ ዋይ-ዜድ እና ዜድ-ኤክስ። ዜድ ወደ ላይ የሚያመለክተው አቅጣጫ ነው። በእያንዳንዱ ኦርቢታል ላይ ያለ ኤሌክትሮን በዋናነት የሚዘለው በራሱ ጠለል ውስጥ ወዳሉት አራት ጎረቤቶች ነው። ኤክስ-ዋይ አግድም ተኝቷልና ፊልሙ ቀጠነ አልቀጠነ አራቱም ጎረቤቶቹ አሉ፤ ከላይና ከታች ያለው ግድግዳ አይሰማውም። ዋይ-ዜድ እና ዜድ-ኤክስ ግን ከአራቱ ጎረቤቶቻቸው ሁለቱ ከላይና ከታች ያሉ ናቸው። ፊልሙ አንድ ንጣፍ ሲሆን ሁለቱን ያጣሉ፤ የባንዳቸው ስፋትም በግማሽ ይወርዳል። የመገፋፋቱ ዋጋ ባለበት ቆሞ ስፋቱ ሲጠብ ሚዛኑ በኔቪል ሞት ስም ወደሚጠራው ኢ-አስተላላፊነት ያደላል። በመቅጠን የሚመጣው ሽግግር ሥሩ ይህ ነው፤ በኬሚካል ሳይነካኩ፣ በጎረቤት ቁጥር ብቻ የሚመጣ ለውጥ።

በጃፓን ኮሄይ ዮሺማትሱ፣ ሂሮሺ ኩሚጋሺራ፣ አትሱሺ ፉጂሞሪ፣ ማሳሃሩ ኦሺማ እና ባልደረቦቻቸው በ2010 እና በ2011 ይፋ ባደረጓቸው ሥራዎች ይህን አንድ በአንድ አሳዩ። ፊልሙን አሳድገው ከቫኪዩም ሳያወጡ በሲንክሮትሮን ብርሃን የኤሌክትሮኖቹን ጉልበትና አቅጣጫ ለኩ። ንዑስ ባንዶቹ ከላይ በጠቀስነው የፌዝ ሕግ በትክክል ተገለጡ፤ የተሰነጠቁትም ዋይ-ዜድ እና ዜድ-ኤክስ እንጂ ኤክስ-ዋይ አልነበረም። ከ2 እስከ 3 ንጣፍ ላይ ሲደርሱ በፌርሚ ደረጃ (ኤሌክትሮኖች ከታች ወደ ላይ ሲሞሉ በሚደርሱበት ከፍተኛ ጉልበት) ላይ ያለው የኤሌክትሮን ምልክት እየሟሸሸ ጠፋ። የአጠፋፉ መንገድ ነው ማስረጃው። ከፌርሚ ደረጃ ላይ የጠፋው ምልክት ዝም ብሎ አልተሰወረም፤ 1.5 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው የታሰሩ ኤሌክትሮኖች ጉብታ፣ የሀባርድ ባንድ ወደሚባለው፣ ተዛወረ። ንዑስ ባንዶቹም ግርጌያቸው ወደ ፌርሚ ደረጃ በቀረበ መጠን ውጤታዊ መጠነ ቁሳቸው (ኤሌክትሮኑ በክሪስታሉ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የሚያሳየው ክብደት) ይጨምራል። ይህ ከተራ የኳንተም ጉድጓድ የማይጠበቅ፣ የኤሌክትሮኖቹን መገፋፋት የሚያሳብቅ ባሕርይ ነው።

በ2017 የወጣው ተከታይ ሥራ ደግሞ ከሽግግሩ ዋዜማ ያለውን ሁኔታ መረመረ። በመደበኛ ብረት ውስጥ የአንድ ኤሌክትሮን ዕድሜ የሚያጥረው ከፌርሚ ደረጃ ያለውን ርቀት በካሬ ተከትሎ ነው፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የመጋጨት ዕድሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ፊልሙ ወደ ወሳኙ ውፍረት ሲቃረብ ካሬው ቀርቶ ቀጥተኛ መስመር ሆነ፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ግጭቱም በእጥፍ ብቻ። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ኤሌክትሮኖቹ እንደ ተራ ብረት መታየታቸውን አቁመው፣ ገና ያልታሰሩ ነገር ግን በመታሰር አፋፍ ላይ ያሉ መሆናቸውን ያሳያል። በእኛ ግምት ከሽግግሩ ከራሱ ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ዋዜማ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚሠራው ግን ፊልሙ በትክክል ከተሠራ ነው። አሠራሩን በዝርዝር የምናቀርበው በየደረጃው ሐሰተኛ ኢ-አስተላላፊ ወይም ሐሰተኛ አስተላላፊ ሊፈጠር ስለሚችል ነው።

መጀመሪያ የመሠረቱ ክሪስታል ነው። ተቆርጦና ተወልውሎ የሚመጣው የስትሮንሺየም ታይታኔት ገጽ ግማሹ በስትሮንሺየም ኦክሳይድ፣ ግማሹ በታይታኒየም ኦክሳይድ ያበቃል። በውሃ ውስጥ በአልትራሳውንድ ይታጠባል፤ የስትሮንሺየሙ ንጣፍ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ከዚያ በአሞኒየም ፍሎራይድ በተመጠነ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለአጭር ጊዜ፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ፣ ይነከራል፤ ሃይድሮክሳይዱ ይሟሟል፣ የታይታኒየሙ ንጣፍ ይቀራል። የዚህ ዘዴ መሠረት በጃፓን በማሳሺ ካዋሳኪና ባልደረቦቹ በ1994 የተጣለ ነው። አሲዱ ቆዳን አልፎ አጥንት ድረስ የሚጎዳ በመሆኑ ያለ ልዩ ጓንት፣ ያለ ጭስ ማውጫና ያለ ካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት አይነካም። ከዚያ ክሪስታሉ በኦክስጅን ውስጥ ከ950 እስከ 1000 ዲግሪ አካባቢ ይጋገራል፤ ገጹ በ0.39 ናኖሜትር ቁመት ደረጃ በደረጃ ይደረደራል። ክሪስታሉ ሲቆረጥ ከትክክለኛው ጠለል በ0.1 ዲግሪ ካዘመመ የእያንዳንዱ እርከን ስፋት 220 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። አሲዱ ውስጥ ሲቆይ ገጹ ይቦረቦራል። ከሁለት ንጣፍ ፊልም በታች ሁለት ንጣፍ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ካለ ፊልሙ ተቆረጠ ማለት ነው፤ መለኪያው ኢ-አስተላላፊ ይላል፣ ኔቪል ሞት የገለጸው መታሰር ግን የለበትም።

ቀጥሎ ማብቀሉ ነው። በሌዘር የሚተነው ዒላማ (የፊልሙ ጥሬ ዕቃ) ፊት ለፊት የመሠረቱ ክሪስታል 900 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ይቀመጣል፤ ክፍሉ ከፍተኛ ቫኪዩም ነው፣ ኦክስጅን አይጨመርበትም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ የቫናዲየም ጠባይ ነው። ኦክስጅን ሲበዛ ቫናዲየም የቀረውን አንድ ኤሌክትሮን አሳልፎ ይሰጥና ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ኦርቢታል አያስተላልፍም። ይህን በኤክስሬይ ፎቶኤሚሽን (ጨረር ከቁሱ የሚያወጣቸውን ኤሌክትሮኖች ጉልበት በመለካት) ማወቅ ይቻላል። አንድ ኤሌክትሮን የቀረው ቫናዲየም ዋና ጫፍ 516 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሲሆን ባዶው 517 አካባቢ ነው። ልዩነቱ አንድ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ስለሆነ የኦክስጅንን ጫፍ እንደ ማመሳከሪያ ይዞ በጥንቃቄ መለካት ይጠይቃል።

ንጣፎቹ የሚቆጠሩት ገጹን በሚገርፍ የኤሌክትሮን ጨረር ነው። ንጣፍ ሲሞላ የነጸብራቁ ድምቀት ይጨምራል፣ ግማሽ ሲሆን ይቀንሳል፤ አንድ ሞገድ አንድ ንጣፍ ነው። ዒላማውን መምታት በሞገዱ ጫፍ ላይ ማቆም ያስፈልጋል። ድምቀቱ ከሞገድ ወደ ሞገድ እየወረደ ከሄደ አዲሱ ንጣፍ የሚጀምረው የቀድሞው ሳይሞላ ነው፤ በዚያ ፊልም ላይ «ሁለት ንጣፍ» ማለት አንድ፣ ሁለትና ሦስት ንጣፍ የተደባለቀበት አማካይ ይሆናል። ቁጥሩን ለማረጋገጥ በተመሳሳይ ሁኔታ 20 ወይም 30 ንጣፍ ያለው ፊልም ተሠርቶ ውፍረቱ በኤክስሬይ ነጸብራቅ ይለካል።

የስትሮንሺየምና የቫናዲየም ምጣኔ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። የሌዘሩ ጉልበት በትንሹ ሲለወጥ አንዱ ከሌላው በልጦ ይተናል። ፊልሙ ላዩ ለስላሳ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ የጉድለቱ ምልክት ያለው ወፍራሙን ፊልም ሲያቀዘቅዙት ነው። በክፍል ሙቀት ያለው የኤሌክትሪክ መከላከያ (ሬዚስታንስ) በፈሳሽ ሂሊየም ሙቀት ካለው ጋር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የንጽሕና መለኪያ ነው። የኬሚካል ተን ባዘለ የሞለኪውል ጨረር ምጣኔው ራሱን በሚያስተካክልበት ዘዴ በተሠሩ የስትሮንሺየም ቫናዴት ፊልሞች ይህ ቁጥር ከ200 በላይ ደርሷል። ብዙ በሌዘር የተሠሩ ፊልሞች ከዚህ በእጅጉ ያነሰ አላቸው። ወፍራሙ ፊልም ቆሻሻ ከሆነ ስለ ሁለት ንጣፉ የሚነገረው ሁሉ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል። በቀጭን ፊልም ውስጥ በቆሻሻ የሚታሰር ኤሌክትሮንም አለና፤ እሱ በፊሊፕ አንደርሰን ስም የሚጠራ ሌላ ሽግግር ነው።

ከዚህ በኋላ መለኪያው ራሱ ወጥመድ አለው። የፎቶኤሚሽን ሙከራ ኤሌክትሮን ከፊልሙ ስለሚያወጣ መሠረቱ አስተላላፊ ካልሆነ ናሙናው ቻርጅ ተጠራቅሞበት ምስሉ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጥቂት ናዮቢየም የተጨመረበት ታይታኔት ይመረጣል። የመከላከያ መለኪያ ግን በዚሁ መሠረት ላይ ቢሠራ ዥረቱ በፊልሙ ሳይሆን በመሠረቱ ውስጥ ያልፋል። ያልተቀላቀለ ታይታኔት ይሻላል ብሎ መገመትም አያድንም፤ 900 ዲግሪ ላይ በቫኪዩም ውስጥ ሲቆይ ኦክስጅኑን እየለቀቀ እሱም አስተላላፊ ይሆናል። ፊልሙ ሞቶ ሳለ መሠረቱ «ሕያው ነው» እያለ ይመሰክርለታል። ለመከላከያ መለኪያ ላንታነም፣ ስትሮንሺየም፣ አሉሚኒየምና ታንታለም ያሉበት፣ በተለምዶ ኤልሳት የሚባለው መሠረት የተሻለ ነው፤ የጎኑ ርዝመት 0.387 ናኖሜትር ስለሆነ ከፊልሙ ጋር ይቀራረባል፣ ኦክስጅኑንም በቀላሉ አይለቅም። በማንኛውም መሠረት ላይ ፊልም ያልበቀለበት አንድ ቁራጭ በተመሳሳይ ሙቀትና ቫኪዩም ለተመሳሳይ ጊዜ ተይዞ መለካት አለበት። ይህ ቁራጭ የሌለበትን የመከላከያ ግራፍ ለማመን ይከብደናል።

አየር ሌላው ጠላት ነው። ስትሮንሺየም ቫናዴት ከአየር ጋር ሲገናኝ የላይኛው ንጣፍ ባዶ ቫናዲየም ወዳለበት ኦክሳይድ ይለወጣል። ባለ 30 ንጣፍ ፊልም አንድ ንጣፍ ቢያጣ ለውጡ አይታወቅም፤ ባለ 3 ንጣፍ ፊልም ግን ሲሦውን ያጣል። በአየር ውስጥ የተለካ መከላከያ ብዙ ጊዜ ወሳኙን ውፍረት ከፎቶኤሚሽኑ ከፍ አድርጎ የሚያሳየው በአንድ በኩል በዚህ ነው። መፍትሔው ፊልሙን ሳያወጡ ጥቂት ንጣፍ ታይታኔት ማልበስ ነው። ሽፋኑ ግን የላዩን ግድግዳ ከቫኪዩም ወደ ታይታኔት ስለሚለውጠው የተሸፈነና ያልተሸፈነ ፊልም ውጤት እኩል ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በቫኪዩም ውስጥም ጊዜ ገደብ አለው። የቶር (የግፊት መለኪያ) ሚሊዮንኛ በሆነ ግፊት አንድ ገጽ በቀሪ ጋዝ ለመሸፈን አንድ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ በቶር አሥር ቢሊዮንኛ ግፊት ግን ጊዜው ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ይረዝማል። ሙከራው በዚህ መስኮት ውስጥ ማለቅ ይኖርበታል።

ብርሃኑ ራሱም ያታልላል። ይህ በቂ ትኩረት አላገኘም ብለን እናምናለን። ኃይለኛ የአልትራቫዮሌት ጨረር ከፊልሙ ላይ ኦክስጅን ይነቅላል። የተነቀለው ኦክስጅን የተወው ኤሌክትሮን ከፌርሚ ደረጃ በታች ከ1 እስከ 1.5 ኤሌክትሮን ቮልት መካከል ጉብታ ይሠራል፤ ይህም የሀባርድ ባንድ ከሚገኝበት ቦታ ጋር ይደራረባል። በ2016 የወጣ ጥናት በዚሁ በስትሮንሺየም ቫናዴት ላይ ይህን አሳይቶ፣ ቀደም ሲል ለመገፋፋት የተሰጠው የጉብታው ድምቀት በከፊል የኦክስጅን ጉድለት ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቋል። መለያው ቀላል ነው። ጨረሩ ወዳልነካው አዲስ ነጥብ ተሂዶ ጉብታው በጊዜ ሂደት ያድግ እንደሆነ ይታያል። የሚያድግ ከሆነ ጉድለት ነው። በጨረሩ ሥር ጥቂት ኦክስጅን ሲለቀቅ የሚቀንሰው ክፍልም እንዲሁ ጉድለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሳይንቀሳቀስ የሚቀረው የሀባርድ ባንድ ነው።

ስለ ስስ ኦክሳይድ ዜና የሚያዘጋጅ ሰው እንግዲህ ተመራማሪዎቹን ሊጠይቃቸው የሚገባው ግልጽ ነው። ንጣፉ በምን ተቆጠረ፤ መሠረቱ ምንድን ነው፤ ባዶው መሠረት ለብቻው ተለክቷል ወይ፤ ፊልሙ አየር ነክቶታል ወይ፤ የጠፋው የፌርሚ ምልክት ወዴት ሄደ። ለመከላከያ ግራፍ ደግሞ አንድ ጠቃሚ ድንበር አለ። የፕላንክ ቋሚ ለኤሌክትሮን ቻርጅ ካሬ ሲካፈል 25,800 ኦም ገደማ ይሆናል። የአንድ ስስ ፊልም የገጽ መከላከያ ከዚህ በእጅጉ ካነሰና ሲቀዘቅዝ በትንሹ ብቻ ከጨመረ ፊልሙ ገና ደካማ አስተላላፊ ነው፤ «ኢ-አስተላላፊ ሆነ» ለማለት አይበቃም። ከዚህ ድንበር አልፎ ቅዝቃዜው በገፋ ቁጥር በፍጥነት ሲያሻቅብ ነው ኤሌክትሮኖቹ ታስረዋል የሚባለው፤ ያኔም ማን አሰራቸው የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

ሲንክሮትሮንም ሆነ የሌዘር ማብቀያ በቅርብ የሌለው ተማሪ የዚህን ጉዳይ ግማሽ በላፕቶፕ ሊሠራው ይችላል፤ ይህን ብታትሙልን ብዙ ተማሪ ይጠቀምበታል። የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ ከቫናዲየም ወደ ጎረቤት ቫናዲየም የመዝለያ ጉልበት፣ 0.26 ኤሌክትሮን ቮልት። ለንጣፎቹ ብዛት ልክ የሆነ ካሬ ማትሪክስ ይሠራል፤ ከዋናው ሰያፍ መስመር ጎንና ጎን ላይ ነጌቲቭ 0.26 ይገባል፣ ሌላው ሁሉ ዜሮ። የማትሪክሱ የባሕርይ ዋጋዎች (አይገንቫሊዩ) የዋይ-ዜድ እና የዜድ-ኤክስ ንዑስ ባንዶች ናቸው። ለ2 ንጣፍ ነጌቲቭና ፖዘቲቭ 0.26 ይወጣል። ለ6 ንጣፍ ዝቅተኞቹ ሦስቱ ነጌቲቭ 0.47፣ 0.32 እና 0.12 ናቸው። በአግድም ካለው እንቅስቃሴ የሚመጣው ነጌቲቭ 0.52 ሲደመርባቸው የንዑስ ባንዶቹ ግርጌ 0.99፣ 0.84 እና 0.64 ኤሌክትሮን ቮልት ከዜሮ በታች ይሆናል። የፌርሚ ደረጃ ነጌቲቭ 0.56 አካባቢ ስለሚያርፍ ሦስቱ ተይዘዋል ማለት ነው። ከፌርሚ ደረጃ ያላቸው ርቀት 0.43፣ 0.28 እና 0.08 ነው። በሙከራ የሚታየው ጥልቀት ከዚህ ግማሽ ገደማ ነው። የቀረው ግማሽ የጠፋው ስሌቱ መገፋፋትን ስለማያውቅ ነው፤ መገፋፋት ባንዱን በግማሽ ያህል ያሳጥረዋል፣ ኤሌክትሮኑንም በእጥፍ ያከብደዋል።

ከዚያ ተማሪው ወደ አንድ ንጣፍ ይሂድ። ኤክስ-ዋይ ከነጌቲቭ 1.04 ይጀምራል፤ ሁለቱ ሌሎች ባንዶቻቸው ጠበው ከነጌቲቭ 0.52 ይጀምራሉ። አንዱን ኤሌክትሮን ከታች ወደ ላይ ሲሞላ የፌርሚ ደረጃው ነጌቲቭ 0.47 አካባቢ ይቆማል፤ ኤክስ-ዋይ 0.41 ያህሉን፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው 0.29 ያህሉን ይይዛሉ። ሦስቱም በከፊል የተሞሉ ናቸው። ማለትም በዚህ ስሌት አንዱ ንጣፍ እንኳ አስተላላፊ ነው! ሙከራው ግን ከ2 እስከ 3 ንጣፍ ላይ ኢ-አስተላላፊ ሆኗል ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መገፋፋቱ ነው።

መገፋፋቱ በስሌቱ ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን በቪየና ያለ ቡድን በ2015 አሳይቷል። በሁለት ንጣፍ ፊልም ላይ በኦርቢታሎቹ መካከል ያለው ትንሽ የጉልበት ልዩነት በመገፋፋቱ ይሰፋል፤ ኤሌክትሮኑ ከሦስቱ ኦርቢታሎች ላይ ተሰብስቦ ወደ ኤክስ-ዋይ ይገባል። ቀድሞ የነበረው ሰፊ መውጫ ይዘጋል፤ አንድ ኦርቢታል፣ አንድ ኤሌክትሮን፣ በግማሽ የተሞላ ባንድ፤ ኔቪል ሞት የገለጸው ሁኔታ ይሄው ነው። ፊልሙ በሽግግሩ አፋፍ ላይ ስለሚቆም በላዩ ላይ የሚጫን የኤሌክትሪክ መስክ ወይም በመሠረቱ የሚመጣ ጥቂት መለጠጥ ወደ አስተላላፊነት ሊመልሰው ይችላል። ቡድኑ ይህን ለትራንዚስተር መሥሪያነት ያቀረበው ለዚህ ነው። ታይታኔት ፊልሙን በአግድም 1.6 በመቶ ይለጥጠዋል፤ መሠረቱ ኤልሳት ሲሆን መለጠጡ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ በአንዱ መሠረት ላይ የተገኘውን ወሳኝ ውፍረት ለሌላው መሠረት መጥቀስ አይቻልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጠጣር ቁስ ፊዚክስ የምናስተምር አንባቢዎቻችሁ